የትኛው ጃኖ?

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሦስት ነበርን። ቦርሳው ላይ ትንሽዬ ብሉቱዝ ስፒከር ያንጠለጠለው ጓደኛዬ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ከፈተ። አብራን ያለችው ልጅ አንድ ዘፈን እንኳ እስኪያልቅ አልታገሰችም። «ኧረ እሱን ተወውና ‹ለራስህ ነው›ን ክፈትልን!» አለችው። በቃ። ከዚያ በኋላ ባህር ዛፉንም፣ ብርዱንም፣ ቁልቁል ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችም ልብ ያለ የለም። ሯጮች በአጠገባችን ሽው ብለው ሲያልፉ ሁለቱ ቆመው እየተከራከሩ ነበር።

የእሱ ነገር አጭር ነው፦ «ጃኖ ማለት የመጀመሪያው አልበም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ባንድ ነው።» የሚወደው ያን የሚጮኽ ጊታር ነው። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን አንድ መድረክ ላይ ተሰልፈው፣ ከበሮው ደረት የሚመታበትን። እሷ ደግሞ «ያኔ ሮክ እንደሚችሉ ለማሳየት ነበር የሚጫወቱት፤ በሁለተኛው ግን ራሳቸውን ሆኑ» ትላለች።

ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ጃኖ ስሙን የወሰደው ቀይ ጥለት ካለው የአገር ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ»ን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን «ሮኪት» ከሠሩት አንዱ ሲሆን፣ ለእኛ ጆሮ የቀረበው ግን ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር በሠራቸው ሥራዎች ነው። «ለራስህ ነው» የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስድስት ዓመት ለአንድ ባንድ ዕድሜ ነው። በመሃሉ ሃያ ዓመት የነበረው አድናቂ ሃያ ስድስት ሞልቶታል፤ ሥራ ይዟል፣ ምናልባትም አግብቷል። ስለዚህ «የድሮው ጃኖ ይሻላል» የሚለኝን ሰው ስሰማ ግማሹን ስለ ባንዱ፣ ግማሹን ስለ ራሱ እያወራ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

እኔ? እውነቱን ልናገር፣ «ኤርታሌ»ን ነው የምመርጠው። ግን የዚያን ቀን ዝም አልኩ፤ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ነበር።

ክርክሩን ወደ ቁም ነገር የቀየረው አጎቴ ነው። ስንወርድ ሾላ ያለው ቤቱ ቡና ልንጠጣ ገባን፤ ሁለቱ እዚያም አላቆሙም። አጎቴ ትንሽ ሰማቸውና ሳቀ። «እናንተ ልጆች፣ እኛ እኮ በአይቤክስና በሮሃ ጓደኛ ተቀያይመናል» አለ። ጓደኛዬ «ጋሼ፣ ሮሃ የዘፋኝ አጃቢ አልነበረም እንዴ?» ሲለው አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ። «አጃቢ! ባንዱን አውጣውና ካሴቱን አጫውተው እስቲ፣ ምን ይቀርሃል?»

አይቤክስ ባንድ ማለት እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው ባንድ ነው። ቤዝ ላይ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታር ላይ ሰላም ሥዩም ነበሩ። በኋላ ከዚያው ቤት ሮሃ ባንድ ወጣ፤ ሰባዎቹን በሙሉ (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) ከአንዱ ድምፃዊ ወደ ሌላው እየተሻገረ ካሴት ሲያጅብ ኖረ። ወላጆቻችን «የእገሌ ካሴት» ብለው የገዙት ብዙው፣ በጆሮ ከተባለ፣ የሮሃ ካሴት ነበር። ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶ ትልቅ፣ የባንዱ ስም ትንሽ።

አጎቴ የአይቤክስ ወገን ነው። የሮሃ ድምፅ «ፋብሪካ ሆነ» ይላል፤ አዝማሪው ቢለያይም ቤቱ አንድ ነው ለማለት። የእሱ ተከራካሪ ደግሞ ሮሃ ላይ ነው ቤዙና ከበሮው እንደ አንድ ሰው መተንፈስ የጀመሩት ይል ነበር። ልብ በሉ፣ ስለ ድምፃዊ አንድም ቃል አልተነሳም። ዘመን የሚለዩት በቤዙ ነው። እኛ ግን ስለ ጃኖ ስንከራከር ማን እንደዘፈነ ብቻ ነው የምናነሳው። ሮክ ባንድ ወዳጅ ነን እንላለን እንጂ የምናዳምጠው ገና እንደ ካሴት ሽፋኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ወርቃማው ዘመን» የምንለው በጥራት ብቻ የተመረጠ አይመስለኝም። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሸክላ አሳተመ። ሸክላ ደግሞ ዕድሜ አለው፤ ሰብሳቢ ይወደዋል፣ ወደ ሲዲም በደህና ይገለበጣል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሲዲ በዋናነት የተመገበው ከዚያ ዘመን ነው። ዓለም ያንን ሰማ፣ «ይሄ ነው» አለ፤ እኛም ተቀብለን ደገምነው። የሮሃ ዘመን ግን በካሴት ነው የኖረው። ካሴት ይነክሳል፣ ይቀዳል፣ ተቀድቶ ይቀዳል፣ በመጨረሻ ሹክሹክታ ይሆናል። ታዲያ ሁለቱን ዘመን እኩል ሰምተን ነው ወይ የፈረድነው?

የዋልያስ ባንድ ታሪክም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የውጭ አሳታሚ የ1985 ካሴቱን እንደገና ሲያወጣው የአውሮፓ ወጣት ትኬት ቆርጦ ሊያየው ተሰለፈ። ያ ካሴት ባይገኝ ኖሮ የዚያ ዘመን ኃይሉ ለብዙው ሰው የለም ማለት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ኪቦርድ መጣ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ስምንት ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ መሥራት ቻለ፤ ነፋሱም ከበሮውም ከዚያው ይወጣል። ወጪ ቀነሰ። ሰው ግን ብዙ አያስተውለውም፦ ከዚያ በኋላ የምንከራከርበት የባንድ «ዘመን» ራሱ እየጠፋ ሄደ። ባንድ ሲኖር ነው ከበሮ መቺው ተቀይሮ «አይ፣ እንደ ድሮው አይደለም» የሚባለው። ጃኖ ሲመጣ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ፖስተሩ ላይ የሰፈረው የባንዱ ስም ነበር።

ዛሬስ? ስልካችሁን አውጡና የምትወዱትን አዲስ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ክፈቱ። የድምፃዊው ስም አለ፤ ብዙ ጊዜ ግጥም፣ ዜማና ቅንብርም ይጻፋል። ቤዝ ማን መታ? መገናኛ አካባቢ ማታ ማታ የሚጫወት የቤዝ ጊታሪስት ወዳጅ አለኝ። በርካታ ሰው ያየው አንድ ዘፈን ላይ የሚሰማው ቤዝ የእሱ ነው። ለአንድ ቀን ተከፈለው፣ ስሙ የትም የለም። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ለጎኑ ሰው «እኔ ነኝ» ማለት ያሳፍረኛል ብሎኛል፤ ማን ያምነዋል?

ሕጉ እንኳ አልረሳቸውም ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ሲል ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹንም ይጨምራል፤ ጥበቃውም ሃምሳ ዓመት ነው። አዋጁ በቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ግን መብት የሚጠየቀው በስም ነው። ስምህ ያልተጻፈበትን ሥራ «የኔ ነው» ብለህ በምን ታስረዳለህ? አሁን ሒሳቡን አስሉት፦ በዛሬው ሕግ ልክ ቢቆጠር «ኧረ መላ መላ» ሃምሳ ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ2025 ሞልቷል። ሮሃ ያጀባቸው ካሴቶችም አንድ በአንድ እየተከተሉ ነው። ገንዘቡ በዚህ ወይም በዚያ መንገድ አምልጧል እንበል። ማን ምን እንደተጫወተ የሚያስታውሱት ሰዎች ግን ገና በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ የእናንተው አጎትና አክስት ናቸው። ስልክ ደግሞ ሁላችንም ይዘናል፤ መቅረጽ ይችላል።

አጎቴ ከመሄዳችን በፊት ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ካሴቶች። ጓደኛዬ አንዱን አንስቶ ሽፋኑን በስልኩ መብራት እያየ ከታች ጥግ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ሞከረ። ቀለሙ ለቋል። «ጋሼ፣ ከበሮው ላይ ማነው የሚለው?»

አጎቴ መነጽሩን አደረገ፤ ካሴቱን አስጠግቶ፣ አርቆ አየው። «ቆይ» አለ፣ «ክፈተውና ልንገርህ።»

ማጫወቻ ግን በቤቱ አልነበረም።