ከአባይ በረሃ እስከ ሶፍ ዑመር

ከደብረ ኤልያስ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ቤተሰብ ደጀንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ በገደሉ ላይ የተነባበረ ድንጋይ ያያል። ልጆች «መቼ ነው የምንደርሰው?» ሲሉ እሱን ማሳየት ነው። የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት አገራችንን ሸፍኖ የነበረ ባሕር የተወው። እዚህ ለሲሚንቶ ይፈጫል፤ ባሌ ላይ ግን ውሃ አዳራሽ ሠርቶበታል።

ሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል። የቀረውን የሚሠራው የወይብ ወንዝ ነው፤ ዛሬም በዋሻው ውስጥ ያልፋል። በፊልም እንደምናየው ከጣሪያ የተንጠለጠለ የድንጋይ ጥርስ የሚጠብቅ ልጅ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ የዚህ ዋሻ ውበት ውሃ የጠረባቸው ዓምዶች ናቸው።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ባሌ ሮቤ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ለቅዳሜና እሑድ የሚሆን ጉዞ አይደለም።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና «ለምን መብራት አይዘረጋም?» የሚለው ጥያቄ ይገባኛል። የስሎቬኒያው ፖስቶይና ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ጎብኚ በባቡር ያስገባል፤ ገቢውም ያስቀናል። ነገር ግን ቋሚ መብራት በሚያርፍበት የዋሻ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፤ ማጽዳቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደግሞም ሶፍ ዑመር ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የተጠለሉበት ነው ተብሎ የሚከበር፣ ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። በሰው ጸሎት ቤት ባለቀለም አምፖል መስቀል አይታየኝም። ባትሪ የያዘ የአካባቢው ልጅ ቢመራን፣ ክፍያውም በቀጥታ ለእሱ ቢደርስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ። ዝናብ ከጣለ አትግቡ፤ ወንዙ ሲሞላ መሸሻ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባትሪ፣ የማያንሸራትት ጫማና ቅያሪ ልብስ ያዙ። ውስጥ ገብታችሁ የሁላችሁንም ባትሪ ለአንድ ደቂቃ አጥፉ፤ የትንሹን እጅ ግን እንደያዛችሁ።