የኦምዱርማን ነጋዴና የሕግ አማካሪ

ከኮርዶፋንና ከዳርፉር ግራር ተለቅሞ በኦምዱርማን በኩል ወደ ፖርት ሱዳን ሲወርድ የኖረው ሙጫ፥ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የዚህ ዐይነት ሙጫ አብዛኛውን ክፍል የያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ በሚሠሩት ፋብሪካዎች ዘንድ ግን የሚጠራው በአገሩ ስም ሳይሆን በቍጥር ነው፤ የአውሮፓ ሕግ ኢ 414 ብሎ መዝግቦታል። ቍጥሩ የንጽሕና ልክ ያስከትላል፤ ይህን ሳያውቅ የጫነ ነጋዴ ዕቃው ከባዕድ ወደብ ሊቀርበት ይችላል።

የሰሊጥም ነገር እንዲሁ ነው። አውሮፓውያን በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባወጡት በ1793 ቍጥር ደንብ፥ የሱዳንንና የኢትዮጵያን ሰሊጥ ሳልሞኔላ ስለሚባለው ተውሳክ በተለየ ምርመራ ሥር አግብተውታል። አሜሪካም በ2021 ባወጣችው ሕግ፥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ የገባበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ በመለያ ጽሑፉ ላይ እንዲገልጽ አዝዛለች።

በዚህ ላይ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት ተጨመረ። ሙጫው በጎረቤት አገሮች በኩል በሥውር እየወጣ መሆኑ ሲነገር ገዢው ዕቃው ከየት እንደ በቀለና በማን እጅ እንዳለፈ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጭንቁ ግን መጋዘኑና መዝገቡ በጦርነቱ የጠፋበት ሐቀኛ ነጋዴ ነው። ማስረጃውን እንዴት እንደሚተካ የሚያስረዳው ሕግ ዐዋቂ እንጂ ደላላ አይደለም።

ደላላማ ያስፈራራል። ደን በተመነጠረበት መሬት የተገኘ ምርት እንዳይገባ አውሮፓውያን በ2023 ያወጡት ደንብ ቡናን፥ ከብትንና እንጨትን ከጥቂት ሌሎች ምርቶች ጋር ይመለከታል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል፤ ሙጫና ሰሊጥ በዝርዝሩ ውስጥ የሉበትም። የማይመለከተውን ሕግ ፈርቶ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ለአማካሪ ከሚከፍለው በላይ ያጣል።

የሕግ ርዳታ የሚያስገኘውን ጥቅም ኢትዮጵያ አይታለች። በ2005 ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፥ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወማት። አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የሚባለው የዋሽንግተን የጠበቆች ድርጅት ያለ ዋጋ ቆመላት፤ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ ባለ ጉዳዩ መንግሥት ነበረ። አንድ የኦምዱርማን ነጋዴ ግን ብቻውን የውጭ አገር ጠበቃ ሊቀጥር ዐቅሙ አይፈቅድም።

ስለዚህ ነጋዴዎቹ በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት ገንዘብ አዋጥተው፥ የገዢዎቹን አገር ሕግ የሚያውቅ አንድ አማካሪ በጋራ ቢይዙ ይገባቸዋል። ሥራውም ክርክር ከተነሣ በኋላ ሳይሆን ውል ሲጻፍ መጀመር አለበት፤ ዕቃው በምርመራ ቢወድቅ ኪሣራው የማን እንደሚሆን፥ ናሙናውም ከመጫኑ በፊት በሁለቱም ወገኖች ማኅተም እንዲታሸግ በውሉ መግባት ይኖርበታል። የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ ደግሞ እያንዳንዱን የውጭ ደንብ ወደ ዐረብኛ አስተርጕሞ፥ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለገበያው ማደል ነው።