ወፍጮው ትዳሬን ሊበትነው ነው

«ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከተዳርኩ 2 ዓመቴ ነው። ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ ነው። የናፍጣ ሞተሩ ሌሊትም ይሠራል፤ ከጆሮዬ ይልቅ ደረቴ ላይ ነው የሚሰማኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ‹ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚ› ይለኛል፤ አማቴ ‹ዛር ነው› ይላሉ። ወደ እናቴ ቤት ልመለስ?»
የጨነቃት ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ ጓዝሽን ከመሸከፍሽ በፊት ስሚኝ። እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ጥጥ አያስቀረውም፤ በግድግዳና በመሬት እየነዘረ ይገባል። አንቺ ብትተኚም አንጎልሽ ዘብ እንደቆመ ነው። «አደጋ አለ» ብሎ ሲያዝ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞችን ይረጫሉ። ያን ጊዜ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። በንጋታው ደግሞ ሆድ ይብስሻል፣ በትንሹ ትቆጫለሽ። ባልሽ የሚያየው ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመኝታ ቤት የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ወፍራም ድምፅ ከበዛበት ደግሞ ከዚያም እንዲያንስ መክሯል። ስለዚህ ያማረርሽው በከንቱ አይደለም።

ጠበሉን ተጠመቂ፤ ሞተሩ ግን በጠበል አይጠፋም። አልጋሽን ከወፍጮው ግድግዳ አርቂ። ሽማግሌ ልካችሁ ባለወፍጮው ሞተሩን ወፍራም ጎማ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ማርሚታውን እንዲያሠራና ሌሊት እንዲያቆም ጠይቁት። እምቢ ካለ ቀበሌ አለ። እንቅልፉ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ባልሽንስ? አንድ ሌሊት በግድግዳው በኩል እሱ ይተኛ። ከዚያ ተነጋገሩ።