ሽሮውን ማን ያውርደው?

ሰሞኑን ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ፎቶ ነው የሚገጥመኝ። ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ ከኋላ ገና ያልነጋ መስኮት። ከሥሩ ደግሞ፦ «ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቻለሁ። አንተስ? ሁላችንም ያለን እኩል 24 ሰዓት ነው!» ላይኩ አይጣል ነው። እኔ ግን ፎቶውን ሳይ የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ቡናውን ማን አፈላው?

ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እኔም እንደዚያ ዓይነት ፎቶ እለጥፍ ነበር። የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቢሮ ውስጥ በሰዓት አክባሪነቴ ነው የምታወቀው። ሪፖርት አይዘገይብኝም፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተዝረከረከ ወረቀት አይታይም። እንዲያውም አለቃዬ «ሚስጥሩን ለሌሎችም አካፍዪ» ብሎኝ ለሠራተኛው የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ፓወር ፖይንት ምናምን ሠርቼ፣ የሮቢን ሻርማን «ዘ ፋይቭ ኤኤም ክለብ» (በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት መሆኑ ነው) ጠቅሼ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በቲማቲም ቅርጽ የኩሽና ሰዓት የጀመረውን 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴ አስረድቼ፣ ስቴፈን ኮቪ በ1989 መጽሐፉ ያስተዋወቀውን ባለ አራት ሳጥን ሰንጠረዥ ነጭ ሰሌዳው ላይ ስዬ። ተጨበጨበልኝ።

መጨረሻ ላይ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እጇን አወጣችና «ሁለት ልጅ ይዘሽ ግን እንዴት ነው የምትችዪው?» አለችኝ። «ማታ ማታ የነገን ሦስት ዋና ሥራ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጪ ዲሲፕሊን ነው» ብዬ መለስኩላት።

ዋሸኋት። አስቤ አይደለም የዋሸሁት፣ የባሰው ነገር እሱ ነው። እውነተኛው መልስ በዚያ ሰዓት ቤቴ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፣ እኔ ግን ትዝም አላለኝም።

ስለ ሳጥኑ ላስረዳ። አራቱ ሳጥኖች ሥራህን አስፈላጊና አስቸኳይ እያልክ የምትከፍልባቸው ናቸው። «አስቸኳይ ነው ግን አስፈላጊ አይደለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የገባውን፣ አሠልጣኞቹ «ለሌላ ሰው ስጥ» ይሉሃል። እንግዲህ የእኔን ቤት አስቡት። የልጆቹ ምሳ ዕቃ፣ የሰርቪሱ ሰዓት፣ የሚታጠበው ዩኒፎርም፣ የሚቦካው ሊጥ፣ ሁሉም የገባው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። አስፈላጊ አይደለም ተብሎ! ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። እኛ ከተሜዎች «የምታግዘኝ ልጅ» የምንላት። እስቲ ይቺን ቃል አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አዳምጧት። የምታግዘኝ ስል እኮ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፣ እሷ ጎን ጎኑን ነው የምትነካካው ማለቴ ነው።

የ25 ደቂቃውም ነገር ያው ነው። 25 ደቂቃ ስልክ አትንካ፣ ከወንበርህ አትነሳ፣ ማንም አያቋርጥህ። ጥሩ። በዚያ 25 ደቂቃ ውስጥ ሽሮው ቢገነፍል ማን ነው የሚያወርደው? ልጁ ወድቆ ቢያለቅስ? የምጣዱ ሶኬት ቢያጨስ? ያለማንም ማቋረጥ መሥራት የቻለ ሰው ሁሉ በሩ ላይ የሚቋረጥለት ሌላ ሰው አቁሟል።

የዚችን ልጅ ሥራ ያወቅኩት ከሄደች በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት። እኔ ውሃ የሚመጣበትን ቀን አላውቅም ነበር፤ በርሜሉ ሁሌ ሙሉ ነዋ! ለካ እሷ በነዚያ ሌሊቶች ቧንቧውን ከፍታ፣ ሥሩ ባዶ ባልዲ ደፍታ ነው የምትተኛው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ውሃው ባልዲው ላይ ሲንጠባጠብ ድምፁ ይቀሰቅሳታል። ተነስታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ሞልታ ትመለሳለች። በሞቲቬሽን ተናጋሪዎቻችን ስሌት ከሄድን ልጅቷ ከክለቡ አባላት 3 ሰዓት ቀድማ ነቅታለች። ማንም ግን ፎቶ አላነሳትም።

እንጀራውስ? ሊጥ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ አይጋገርም። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይቦካል፣ ላዩ ላይ የሚያቀረው ውሃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ያ ቀን ደግሞ መብራት ያለበት ቀን መሆን አለበት፣ ምጣዱ በመብራት ነዋ። መብራቱ ቢጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ በሌላ ቀን የሚገባው ውሃ ቀድሞ ያልቃል፣ ልብስ ማጠቢያው ቀን ይዛወራል። ይሄን ሁሉ ያለ ደብተርና ያለ አፕ ጭንቅላቷ ውስጥ ይዛ ታዞረው ነበር። እኔ ደግሞ በነጭ ሰሌዳ ላይ አራት ሳጥን ስዬ አስተማርኩ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ደላላው ፊት ስንዋዋል «ማታ ትማራለች» ብዬ ተስማምቼ ነበር። 7ኛ ክፍል ነበረች፣ ትምህርቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። እኔ ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው፤ ቀጥ ብዬ ብመጣ 12 ሰዓት ሳይሞላ እገባለሁ። ግን አንድ «ቲፕ» አንብቤ ነበር፤ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ቢሮ አንድ ሰዓት ብትቆይ፣ ስልክም ሰውም ስለሌለ የሦስት ሰዓት ሥራ ትጨርሳለህ የሚል። ሞከርኩት። እውነት ነው፣ ይሠራል! ሒሳቡ ያልቃል፣ ጭንቅላት ይረጋጋል። እኔም 1 ሰዓት ላይ ቤት መግባት ጀመርኩ።

ያቺ የኔ ጸጥ ያለች ሰዓት የሷ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበረች።

በሩን ስከፍት ነጠላዋን ለብሳ፣ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ቆማ አገኛታለሁ። ሮጣ ትወጣለች። አንድም ቀን አልተቆጣችም። «ዛሬ ትንሽ አመሸሁ አይደል?» እላታለሁ፣ «ምንም አይደለም እትዬ» ትለኛለች። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አንድ ቀን ስገባ ደብተሩ የለም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ስላት «ተውኩት እትዬ» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ለከርሞ ትቀጥያለሽ፣ አይዞሽ።» ከዚያ ገብቼ የነገን ሦስት ዋና ሥራ ጻፍኩ።

ክረምቱ ሲያልቅ ለቀቀች። የሄደችው እዚያው ሰፈር አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው፣ እኔ ከምከፍላት በ500 ብር ባነሰ ደመወዝ። «ምነው? ከጎደለብሽ እጨምርልሻለሁ እኮ» ስላት «እዚያ በ11 ሰዓት ይለቁኛል» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ከዚያ የመጣችው ሳምንት! በርሜሉ ባዶ ሆነ፣ ልጆቹ ሁለት ቀን ብስኩት ይዘው ሄዱ፣ ሰርቪሱ ጥሎን ሄደ፣ እኔ ሦስት ቀን አርፍጄ ገባሁ፣ ሪፖርቱ ዘገየ። ደብተሬ ያው ነው፣ ዲሲፕሊኔም ያው ነው፣ 11 ሰዓትም ተነስቻለሁ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

(«ባልሽስ የት ነበር?» የሚል ኮመንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሱም 11 ሰዓት ይነሳል። ለሩጫ። ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ፖስት ነው፣ እሱም ያነበዋል።)

ደግሞ «ደመወዝ ከፍለሻታል አይደል? ሥራ ፈጠርሽላት እንጂ ምን በደልሻት?» የሚለኝ አይጠፋም። የከፈልኩት ለሥራዋ ነው። ያቺን ሰዓት አልገዛኋትም፣ ተስማምተን የሷ ያደረግናትን ነው የወሰድኩት። እኔ ቢሮ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለልኝ፤ መደበኛ የሥራ ሰዓቴ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ያው አዋጅ ግን የቤት ሠራተኛን ጉዳይ በደንብ ይወሰናል ብሎ ወደ ጎን ነው ያደረገው። ስለዚህ የሷ ቀን የሚያልቀው እኔ ቤት ስገባ ነው። ይሄን እያወቀ «ሁላችንም እኩል 24 ሰዓት አለን» የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው አይቆጥርም ማለት ነው።

ምክሮቹን በሙሉ ጣሉ እያልኩ አይደለም። የማታዋን ዝርዝር እስካሁን እጽፋለሁ፣ ይጠቅማል። የ25 ደቂቃውንም አልጠላውም። የሚያንገበግበኝ፣ አሠልጣኙ ሲያስተምር ምግቡን የሚሠራለትን፣ ልብሱን የሚያጥብለትን፣ ልጁን የሚይዝለትን ሰው አንድም ጊዜ አለመጥራቱ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ውላ ቤቷ ገብታ ራሷ ሽሮ የምትሠራዋን ሴት «ጊዜሽን መጠቀም አታውቂም» ማለቱ ነው። ስንፍና አይደለም እኮ! እሷ የሌላ ሰው ሰዓት አልተበደረችም፣ በቃ። ቀጣዩን ፎቶ ስትለጥፉ ከሥሩ «ቡናውን ያፈላችው እገሊት ናት፣ የተነሳችውም በዚህ ሰዓት ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን ምክር እሰማለሁ።

እኔ አሁን ምን አደረግሁ? ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ፕሮግራም ሁለት ዓምድ አለው፣ የኔና አሁን አብራን ያለችው ልጅ። 5ኛ ክፍል ናት። በሷ ዓምድ 11 ከ45 ላይ «ወጣሁ» የሚል አለ፤ እሷው ናት የጻፈችው። ውሃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች አንዱን እኔ፣ አንዱን ባለቤቴ ነው የምንነሳው (ባልዲውን የሚደፋው ግን እስካሁን እኔ ሳስታውሰው ነው)። ቢሮ የማመሸውን ትቻለሁ። ነፃ አይደለም፣ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ዘንድሮ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ወርዷል፣ አለቃዬም «ምነው ቀዘቀዝሽ?» ብሎኛል። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ታክሲ አጥቼ 12 ከ20 ገባሁ፤ በሩ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ነበር። «ምንም አይደለም» አለችኝ እሷም። ያቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ተላወሰ።

ስለ ሥልጠናው ትንሽ የምጨምረው ነበረኝ፣ ያቺን እጇን ያወጣችውን ባልደረባዬንም ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን 10 ከ55 ሆኗል፣ ኮምፒውተሬን መዝጋት አለብኝ። ኮመንታችሁን ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አነበዋለሁ።