ከማንጎው ሥር የተተከለው ሶላር

ባለፈው ግንቦት ከአሶሳ ወጣ ባለች ቀበሌ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጇ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጽሐፏን እንደዘረጋች አምፖሉ ደከመና ጠፋ። የእህቴ አማት «ብዬ ነበር እኮ» እያሉ ኩራዙን አመጡ። ልጅቷ በጭሱ ዓይኗን እያሻሸች ቀጠለች፤ እህቴ ደግሞ ሶላሩን የሸጠላትን ሰው ረገመች።

ሰውየው ጥፋት አልነበረበትም። ጠዋት ስናየው ባለ 20 ዋቱ ፓኔል የቆመው ከማንጎው ሥር ነው። የአሶሳ ማንጎ ጥላው ይወደዳል፤ ለሶላር ግን ጠላት ነው። በፓኔሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ክፍሎች በአንድ ክር እንደተሰካ ዶቃ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ጥላ ጥቂቶቹን ብቻ ቢሸፍን የሌሎቹም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። የበጋው አቧራም አልተጠረገለትም ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ስልክ ነው። የጎረቤቱ ሁሉ ስልክ እዚያው ይሞላል። ጎረቤትን ከልክሎ መኖር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ግን ሒሳቡን እዩት። አንድ ዘመናዊ ስልክ ለመሙላት 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖልን 3 ሰዓት ያበራል፤ ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል ግን 15 ደቂቃ ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉን መቀየር፣ ከዚያ ስለ ትልቅ ፓኔል ማሰብ ይሻላል። አራት ስልክ ሞላን ማለት የልጅቷን የአራት ማታ ጥናት ሰጠን ማለት ነው።

ፈተናው ደግሞ የሚመጣው ደመናው ሲከብድ ነው። በጥር ፀሐይ የተትረፈረፈ የሚመስለው ፓኔል ሰኔ ላይ ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። የምትገዙት በክረምቱ ልክ ይሁን።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው። እህቴ ደጅ ድረስ ምሰሶው ገና አልመጣም። ይመጣል፤ ፈተናው ግን አይጠብቀውም።

ፓኔሉን ጣሪያ ላይ አወጣነው፤ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ዝናቡ እንዲያጥበው ትንሽ አዘንብለን። ስልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ አይሰካም ተባለ። ጎረቤቶች «ለልጅቷ ፈተና» ሲባሉ አላንገራገሩም። ከሦስቱ አምፖሎች አንዱን አውርደን ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቀልነው፤ አምፖል ወደ መጽሐፉ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ በገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ባትሪውን ደግሞ ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል አወጣነው። ከመኪና ባትሪ ጋር የሚመሳሰል ዓይነት ስለሆነ፣ በየማታው እስኪሟጠጥ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል፤ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል።

አማቷ ኩራዙን አልጣሉም። «ለክፉ ቀን ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ላምባውን ግን ከውሃ ፕላስቲክ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው፣ የሕፃኑ እጅ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ አስቀምጠውታል።