ስለ መስታወት ገንዳ ዓሣ

ልጆቻችን በቤት ዓሣ እናኑር ብለው ቢለምኑን፥ እኛ በእንጅባራ 40 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አዘጋጅተን በዚያው ዕለት 6 ዓሦች ጨመርንበት። በሳምንቱ 4ቱ ሞቱ፤ ታናሹ ልጃችንም አለቀሰ። ጥፋቱ የችኮላችን ነበረ። ከዓሣው ዓይነ ምድርና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያ 2 ጥቃቅን ዓሦች ብቻ ማኖር፥ ምግብ ማሳነስ፥ ቢያንስ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ መለወጥ ይገባል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ይደር። በደጋ አገራችንም የቆላ ዓሣ ማሞቂያ ይሻል። የሰለቸንን ዓሣ በዘንገና ሐይቅ መልቀቅ ግን ነውር ነው፤ ባዕዱ ነባሩን ፍጥረት ያውካልና። አዳም በፍጥረት ላይ የተሾመው ሊጠብቅ ነው፤ ልጆቻችንም ትዕግሥትን ከዚህች ገንዳ ይማሩ።