«እሷ እንዳትሰማ»

ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት ይዞ ባልን ብቻ ወደ ኮሪደር ይጠራዋል። ሚስት ውስጥ ቁጭ ብላለች። ጡቱ የእሷ፣ ወሬው የእሱ። «እሷ እንዳትሰማ» የሚለውን ውሳኔ ወንድሞቿም፣ እህቶቿም፣ የንስሐ አባቱም ሳይቀሩ ያጸድቁለታል። ከዚያ ወዲያ ባልየው ጀግና ነው፤ ሽንት ቤት ገብቶ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ «ትንሽ እባጭ ናት» ይላታል።

ይህን ጀግንነት አልቀበልም። ባል አይፍራ፣ አያልቅስ ማለቴ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ የሚዋሸው እሷ እንዳትደነግጥ ሳይሆን ስትደነግጥ ላለማየት ነው።

ደግሞስ ማን ይታለላል? ጥቁር አንበሳ የጨረር ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ለምን እንደመጣች አታውቅም? ቀዩ የኬሞ መድኃኒት በደም ሥሯ ሲገባ፣ ጠጉሯ ትራስ ላይ ሲቀር፣ ነገሩ ይገባታል። ግን እሱ እንዳይሰበር ብላ ያላወቀች ትመስላለች። ታሞክሲፈን ቢታዘዝላትስ? በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚዋጥ ኪኒን ነው። 5 ዓመት ሙሉ «ቫይታሚን ነው» ሊላት? እሱስ ቢሆን ሊያለቅስበት ከእሷ የቀረበ ማን ነበረው?

የውሸቱን ዋጋ የምትከፍለው ግን በዋናነት እሷ ናት። እዚህ አገር በጡት ካንሰር የሚያዙት ብዙዎቹ ገና የመውለጃ ዕድሜያቸው ያላለፈ ሴቶች ናቸው። ኬሞ የወር አበባን ሊያቋርጥ፣ መውለድን ሊያስቀር ይችላል። ሌላ ልጅ ትፈልግ እንደሆነ ልትጠየቅ የሚገባት ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ነበር። ጡቷ ሙሉ በሙሉ ይነሣ ወይስ ዕጢው ብቻ ይውጣ የሚለውንም ቢሆን፣ ምን እንደያዛት ያልተነገራት ሴት እንዴት አድርጋ ትመርጣለች?

«ባህላችን ነው» ይላሉ። ባህላችንማ መርዶን ያውቃል፦ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ተቀምጦ ይነገራል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እኛ ማዘግየቱን ወሰድንና መንገሩን ተውነው። (ለነገሩ መርዶ ለሞተ ነው፤ ይህቺ በሕይወት አለች፤ በጊዜ ከታከመች የመዳን ዕድሏም ሰፊ ነው።)

ሐኪሞችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ባልን ነጥሎ መንገር ይቀላቸዋል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ለቅሶ ጊዜ ይወስዳል። ባልየውን አስገብቶ ከሚስቱ ጎን ማስቀመጥ ግን የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ወንበርና ጥቂት ደቂቃ ነው።